መቶ ጊዜ መቶ፣ አንድ ጊዜ ሳልሳ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1988 የለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ላይ ሁለት የእንግሊዝ አውራጃ (ካውንቲ) የክሪኬት ቡድኖች፣ ሚድልሴክስና ዉስተርሻየር፣ ለናትዌስት ዋንጫ ፍጻሜ ተፋጠዋል። ሚድልሴክስ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 162 ራን ነው፤ በወጉ ቢጫወት የሚከብደው አልነበረም። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ፈጣን ወርዋሪ ግራሃም ዲሊ ግን ያን ቀን የሚቀመስ አልሆነም። የሚድልሴክስ አንጋፋ መቺዎች ከጅምሩ እየተከታተሉ ከሜዳ ወጡ። በዚህ ጭንቅ መሐል ዱላውን ይዞ የገባው ልጅ 19ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ቀን ቀርቶታል። ስሙ ማርክ ራምፕራካሽ ነው። ተረጋግቶ 56 ራን አስቆጠረ፤ ቡድኑ ዋንጫውን አነሳ፤ እሱም የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ ቀን በኋላ ይህ ልጅ ለአገሩ እንደሚጫወት የተጠራጠረ የክሪኬት ሰው ብዙም አልነበረም።

ክሪኬት ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ጨዋታ ስለሆነ ትንሽ ማብራራት ግድ ይላል። ወርዋሪው ከ20 ሜትር ግድም ርቀት ኳሷን መሬት አንጥሮ ይልካል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ ኳሷን በዱላው ያርቃትና ከማዶ ካለው ጓደኛው ጋር ቦታ ይለዋወጣል፤ አንዱ ሩጫ አንድ ራን ነው። ኳሷ እየተንከባለለች የሜዳውን ዳር ካለፈች አራት፣ በአየር ከተሻገረች ስድስት ይቆጠራል። አንድ መቺ በአንድ አገባቡ መቶ ራን ከሞላ ትልቅ ክብር ነው፤ የመቺ ሁሉ ዕድሜ የሚለካውም በእነዚህ መቶዎች ነው። ጨካኝነቱ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የእግር ኳስ አጥቂ ጎል ቢስት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሌላ ኳስ ይመጣለታል። የክሪኬት መቺ ግን እንጨቶቹ ከተመቱበት ወይም የመታት ኳስ በአየር ላይ ከተያዘች አበቃለት፤ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቀሪውን ቀን ጓደኞቹ ሲመቱ ሲያይ ይውላል።

ራምፕራካሽ የተወለደው ሴፕቴምበር 5 ቀን 1969 ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ቡሺ ነው። እናቱ እንግሊዛዊት ናት፤ አባቱ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካዋ ጋያና የመጣ የሕንድ ዝርያ ያለው ሰው ነው። እንግሊዞች ከ1838 ጀምሮ ለስኳር አገዳ እርሻ በኮንትራት ከሕንድ እያጋዙ ያሰፈሯቸው ሠራተኞች ልጆች ዛሬ በጋያና ትልቅ ሕዝብ ናቸው። ጋያና በክሪኬት ከዌስት ኢንዲስ ቡድን ጋር ነው የምትሰለፈው። ልጁ በ17 ዓመቱ ለሚድልሴክስ ተሰለፈ፤ ሚድልሴክስም በ1990 እና በ1993 የካውንቲ ሻምፒዮን ሲሆን ከቡድኑ መቺዎች አንዱ ነበር። የአመታቱ ውበት ግን ሌላ ነው። እግሩ ኳሷ ወደምትነጥርበት ቦታ ቀድሞ ይደርሳል፤ ራሱ ቀጥ፣ ክርኑ ከፍ ይላል፤ የአሰልጣኝ መማሪያ መጽሐፍ ላይ የተሳለ ሥዕል ይመስል ነበር። ቁጣውም የዚያኑ ያህል ነው። ሲወጣ የመልበሻ ክፍሉን ስለሚያናውጠው የቡድን ጓደኞቹ የድሮ የቫይኪንግ ንጉሥ ስም አውጥተውለት ብለድአክስ ይሉት ነበር።

ጁን 6 ቀን 1991 ሄዲንግሊ በተባለው የሊድስ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝን ቆብ አጠለቀ። ተጋጣሚው ዌስት ኢንዲስ ነው፤ ማልኮም ማርሻል፣ ከርትሊ አምብሮዝ፣ ኮርትኒ ዋልሽና ፓትሪክ ፓተርሰን የሚወረውሩበት፣ ማንም ጀማሪ እንዲገጥመው የማይመከር ቡድን። በዚያው ቀን አብሮት የጀመረ ሌላ ወጣት ነበር፤ በዚምባብዌ የተወለደው ግሬም ሂክ። አገር የጠበቀው በእርግጥ ሂክን ነበር። ሂክ ሁለት ጊዜ ገብቶ ስድስትና ስድስት አስቆጠረ። ራምፕራካሽ 27 እና 27። በካፒቴኑ ግራሃም ጉች ድንቅ 154 ራን እንግሊዝ አሸነፈች፤ የወጣቶቹ ቁጥር ያን ቀን ብዙም አላሳሰበም።

ያሳሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ክረምት ዌስት ኢንዲስን ሲገጥም ዘጠኝ ጊዜ ገባ፤ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ይጀምራል፣ አንድም ጊዜ ግን 30 አልሞላም። ጨርሶ ከወደቀ ሰው ይልቅ ደጅ ደርሶ የሚመለስ ሰው ነገር ያንገበግባል። መራጮቹ አወጡት፣ መለሱት፣ ደግሞ አወጡት። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቡድን በየግጥሚያው ይበወዝ ስለነበር ተጫዋቹ የሚገባው ለአገሩ ሊጫወት ብቻ አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ቦታውም ጭምር ነበር። በፌብሩዋሪ 1995 በሕንድ ከነበረው የእንግሊዝ ሁለተኛ ቡድን በድንገት ተጠርቶ ወደ ፐርዝ፣ አውስትራሊያ በረረና 72 እና 42 አስቆጠረ። ችግሩ ተፈታ ተባለ። በዚያው ዓመት ክረምት ሎርድስ ላይ፣ በ18 ዓመቱ በነገሠበት ሜዳ፣ ዌስት ኢንዲስን ሲገጥም ግን ሁለቱንም ጊዜ በዜሮ ወጣ።

በ1998 መጀመሪያ እንግሊዝ ወደ ካሪቢያን ተጓዘች። የአባቱ አገር ጋያና ላይ እንዲሰለፍ ሲደረግ ራምፕራካሽ 28 ዓመቱ ነው፤ እንግሊዝ ክፉኛ በተሸነፈችበት በዚያ ግጥሚያ በመጀመሪያው ዙር ሳይወጣ 64 ራን ይዞ ቀረ። በሚቀጥለው ግጥሚያ፣ በማርች፣ ባርቤዶስ ብሪጅታውን ላይ ከግራሃም ቶርፕ ጋር ተጣምረው 205 ራን ጨመሩ። ቶርፕ 103 መታ። ራምፕራካሽ 154። ከሄዲንግሊ ወዲህ ወደ ሰባት ዓመት ሊጠጋ ነው፤ ለአገሩ የመታው የመጀመሪያው መቶ ይህ ነው። ዝናብ ጨዋታውን በአቻ አስጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ቀናው። በ1998 መጨረሻ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ በሚፋለሙበት የአሸዝ ተከታታይ ውድድር፣ በአውስትራሊያ ምድር 379 ራን ሰብስቦ ከእንግሊዝ ምርጥ መቺዎች አንዱ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ሰው ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ በኋላ ይመጣልና። በዚያው ተከታታይ፣ ጃንዋሪ 1999 ሲድኒ ላይ፣ የባርንዝሊው ፈጣን ወርዋሪ ዳረን ጎፍ በተከታታይ ሦስት ኳስ ሦስት አውስትራሊያዊ አስወጣ። በአሸዝ ታሪክ አንድ እንግሊዛዊ ይህን ካደረገ ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶ ነበር። ጎፍ ተጫዋች ሁሉ የሚወደው፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው፤ ራምፕራካሽ ደግሞ ጥግ ይዞ ዱላውን የሚያስተካክል ዝምተኛ። አንድ ቆብ ከማጥለቅ በቀር የሚያመሳስላቸው ነገር አይታይም ነበር።

በ2000 መራጮቹ ቦታ ቀይረው መክፈቻ መቺ አደረጉት፤ አልሆነም። በ2001 ከሚድልሴክስ ወጥቶ ቴምዝን ተሻገረና ከባላንጣው ሰሪ ጋር ፈረመ፤ ያ ክረምትም ሰውዬውን እንዳለ የሚያሳይ ሆነ። ትሬንት ብሪጅ በተባለው ሜዳ ላይ አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን፣ የዘመኑ የተጠማዛዥ ኳስ ንጉሥ፣ እየወረወረ በአፉ ይነካካዋል፤ ና፣ ወጣ በልና ምታኝ፣ ፍላጎትህ እንደሆነ አውቃለሁ እያለ። ራምፕራካሽ ሁለት ጊዜ ታገሠ፣ ሦስት ጊዜ ታገሠ። በመጨረሻ ወደ ፊት ተንደርድሮ ወጣና ዱላውን ሰነዘረ፤ ኳሷ ታጥፋ አለፈችው፣ ከኋላ ያለው አዳም ጊልክሪስት ተቀብሎ እንጨቶቹን አፈረሰበት። 26 ራን ብቻ ይዞ ወጣ። አውስትራሊያም በዚያው ግጥሚያ አሸዝን በእጇ አቆየች። ሦስት ሳምንት ግድም ቆይቶ፣ በለንደኑ ኦቫል ሜዳ ላይ፣ ያው ዋርን በግጥሚያው 11 ሰው ሲያስወጣ ራምፕራካሽ 133 መታ፤ ውብ ነበር፤ እንግሊዝ ግን በሰፊ ልዩነት ተሸነፈች። ለአገሩ የመታው ሁለተኛውና የመጨረሻው መቶ ይህ ነው። ሁለቱም መቶዎች ድል አላመጡም።

በ2002 ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ላይ የመጨረሻ ግጥሚያውን አደረገ። በ11 ዓመት 52 ቴስት (በአገራት መካከል የሚደረግ የአምስት ቀን) ግጥሚያ፣ 2,350 ራን፣ አማካዩ (በእያንዳንዱ መውጣት የሚደርሰው ራን) 27.32። ክሪኬት ለማያውቅ ሰው፣ ጥሩ የሚባል መቺ 40 አማካይ ይኖረዋል። አውስትራሊያን ብቻ ሲገጥም የራምፕራካሽ አማካይ 42 ነበር፤ በዘመኑ ከሁሉ የበረታውን ቡድን ችሎ በሌሎቹ የተሰናከለ ሰው ነገር እንቆቅልሽ ነው። 32 ዓመቱ ነው፤ ጋዜጠኞች የሰጡት ፍርድ ችሎታው የማያጠራጥር፣ አእምሮው ግን ያልቻለ የሚል ነበር። እውነትነት አለው፤ ግን ለ11 ዓመት ሲያስነሡትና ሲያስቀምጡት የኖሩትን መራጮች ነጻ ማውጣት ይሆናል። ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች የዓመት ደመወዝና ዋስትና የሚሰጠው ማዕከላዊ ውል በእንግሊዝ የተጀመረው በ2000 ነው። ለእሱ ዘግይቷል።

ለካውንቲው ግን መምታቱን አላቆመም። ሰሪ በ2002 ሻምፒዮን ሲሆን አብሮ ነበር። በአንደኛ ደረጃ ካውንቲዎች 18ቱም ላይ መቶ በመምታት የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ዝርዝሩን የዘጋለት የቀድሞ ቤቱ ሚድልሴክስ ነው።

ክሪኬት ወደማይታይበት ሳሎን የገባው በዳረን ጎፍ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ቢቢሲ በ2004 ስትሪክትሊ ከም ዳንሲንግ የሚል የቅዳሜ ምሽት ፕሮግራም ጀምሮ ነበር፤ ዝነኛ ሰው ከባለሙያ ዳንሰኛ ጋር ይጣመራል፣ በየሳምንቱ አዲስ ዳንስ ተምሮ በቀጥታ ሥርጭት ያቀርባል፣ በዚያ ጊዜም የዳኞች ነጥብና የተመልካች የስልክ ድምፅ ተደምሮ አንድ ጥንድ ይሰናበት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ሴቶች ወሰዱ። በ2005 ግን ያ ደንዳና ወርዋሪ ጎፍ ከሩሲያዊቷ ሊሊያ ኮፒሎቫ ጋር ተጣምሮ፣ በፍጻሜው የመሰናክል ሩጫ የዓለም ሻምፒዮኑን ኮሊን ጃክሰንን ጭምር አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ተመልካቹ የወደደው ዳንሱን ብቻ አልነበረም፤ አልችልም ብሎ የጀመረ ሰው በየሳምንቱ ሲሻሻል ማየቱን ነው።

በ2006 ክረምት ራምፕራካሽ 36 ዓመቱ ነው፤ ብዙ መቺ ጫማውን የሚሰቅልበት ዕድሜ። እሱ 2,278 ራን አስቆጠረ፤ አማካዩ 103.54። ኦቫል ላይ ኖርዝሃምፕተንሻየርን ሲገጥም ሳይወጣ 301 ደረሰ፤ በሕይወቱ ትልቁ ውጤት። ሰሪ በዚያ ዓመት በሁለተኛው ዲቪዚዮን ስለነበረ ወርዋሪዎቹ ለስላሳ ናቸው ብሎ ያንኳሰሰ አልጠፋም። የክሪኬቱ ወቅት በሴፕቴምበር አለቀ። በኦክቶበር ራምፕራካሽ የዳንስ ጫማ አጠለቀ።

በዚያ ዓመት 14 ጥንዶች ተወዳደሩ። የቀድሞው የማንቸስተር ዩናይትድ ግብ ጠባቂ ፒተር ሽማይክል አለ፤ የስፓይስ ገርልስ ዘፋኟ ኤማ ቡንተን አለች፤ በ2003 የራግቢ የዓለም ዋንጫን ያነሳው ማት ዶሰን አለ፤ ከሊሊያ ኮፒሎቫ ጋር የተጣመረውም እሱ ነው። ለራምፕራካሽ የደረሰችው በላቲን ዳንስ ስሟ የታወቀው ካረን ሃርዲ ናት። ሰውዬው በካሜራ ፊት አፉ የሚያያዝ፣ ፈገግ ማለት የሚከብደው ዓይነት ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር ግን ሌላ ሰው ይወጣዋል። የዳሌው ነገር የቅዳሜ ምሽት ወሬ ሆነ። ለክሪኬት ሰው ግን እግሩ ነው የሚታወቀው፤ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳያንገዳግድ የሚያዛውርበት መንገድ ሃያ ዓመት በሜዳ ላይ ያዩት ያው ነው።

ከሁሉም የሚታወሰው የሳልሳው ምሽት ነው። ሃርዲና ራምፕራካሽ ተያይዘው እየዞሩ ሳለ በልብሳቸው ሥር የታሰረው የማይክ ገመድ እርስ በርስ ተጠላለፈ። አንድ ዙር ሊቀጥሉ ሞከሩ፤ ገመዱ ያዛቸው። ቆሙ። በቀጥታ ሥርጭት፣ ሚሊዮኖች እያዩ። የ78 ዓመቱ አስተናጋጅ ብሩስ ፎርሳይት በእርጅና ጨዋታው አዳራሹን እያሳቀ ጊዜ ሲገዛላቸው ገመዱ ተፈታ፣ ባንዱም ዘፈኑን ከመጀመሪያው አነሳ። ያን ጊዜ ክሪኬት የሚያውቅ ተመልካች ትንፋሹን ቢይዝ አይፈረድበትም፤ ይህ ሰው አንዲት ስሕተት ሲሠራ ምን እንደሚሆን ለ15 ዓመት አይቷልና። ራምፕራካሽ ግን እንደገና ጀመረ፤ ሁለተኛው ሳልሳ ከመጀመሪያው የጋለ ነበር፣ አዳራሹም ተነሣ። በክሪኬት ከጠፋህ ጠፋህ ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምር የሚልህ የለም። እዚህ ግን እንዲህ የሚለው ተገኘ።

ዲሴምበር 23 ቀን 2006 ለፍጻሜ የቀሩት ሁለት ስፖርተኞች ናቸው፤ ራምፕራካሽና ዶሰን። ራምፕራካሽ አሸነፈ። ኮፒሎቫ አምና ክሪኬተኛ ይዛ የወሰደችውን ዋንጫ ዘንድሮ ለክሪኬተኛ አስረከበች። ስለ ካውንቲ ውጤት ሰምተው የማያውቁ ሰዎች መንገድ ላይ ያውቁት ጀመር፤ 52 ጊዜ ለአገሩ ሲሰለፍ ያልገጠመው ዝና ነው።

እዚህ ላይ በእንግሊዝ በተደጋጋሚ የሚነገር ጥሩ ተረት አለ፤ ዳንሱ ፈታው፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ መታ የሚል። ቀኑን ለቆጠረ ሰው አያስኬድም። የ103ቱን አማካይ ያስመዘገበው ከዳንሱ በፊት ነው። በ2007 ሰሪ ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን አድጎ ጠንካራ ወርዋሪዎችን ሲገጥም ደግሞ 2,026 ራን በ101.30 አማካይ መታ፤ በእንግሊዝ ታሪክ ሁለት ተከታታይ ወቅት ከመቶ በላይ አማካይ ያስመዘገበ የመጀመሪያው ሰው። ዋርን ሲያወራው ተንደርድሮ እንደ ወጣው ሰው ሳይሆን፣ የሚያጣው ነገር እንደሌለ ሰው መታ ቢባል ይሻላል። ለብሔራዊ ቡድን የሚመርጠው አልነበረምና።

ጭንቀቱ አለመጥፋቱን ያየነው በ2008 ነው። በሜይ 99ኛ መቶውን መታ። መቶኛው የአንድ ሳምንት ሥራ ብቻ የቀረው ይመስል ነበር። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። ካሜራዎች ከሜዳ ሜዳ ተከተሉት፤ እሱ ግን መቶ ሳይሞላ እየወጣ ይመለሳል። በሚሊዮኖች ፊት ሳልሳ የደነሰ ሰው ጥቂት መቶ ተመልካች ባለበት የካውንቲ ሜዳ ተጨነቀ። ኦገስት 2 ቀን ዮርክሻየርን ሲገጥም ደረሰለት፤ ሳይወጣ 112። ሜዳው ሄዲንግሊ ነው፤ ከ17 ዓመት በፊት 27 እና 27 ያስቆጠረበት። በክሪኬት ታሪክ መቶ ጊዜ መቶ የመታ 25ኛው ሰው ሆነ። 24ኛው ማን ነበር? በ1991 በዚያው ሜዳ አብሮት የጀመረው ግሬም ሂክ፣ በ1998። ሁለቱም በአገር ቆብ የወደቁ ተብለው የተመዘኑ ናቸው። የካውንቲ ግጥሚያ እየቀነሰ የሦስት ሰዓቱ ትዌንቲ ትዌንቲ ጨዋታ እየበዛ በመሄዱ 26ኛ ሰው የሚጠብቅ ብዙ የለም።

በ2009 ክረምት አሸዝ ወደ መጨረሻው ግጥሚያ ሲደርስ ጋዜጦች አንድ ወሬ አነሱ፤ ኦቫል የራምፕራካሽ ሜዳ ነው፣ ይመለስ። 40 ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። ሐሳቡ ቀልድ አልነበረም፤ ከእሱ በላይ የሚመታ ሰው በአገሩ አልነበረም። መራጮቹ ግን ለአገሩ ቴስት ተጫውቶ የማያውቀውን ጆናታን ትሮትን መረጡ። ትሮት በመጀመሪያ ግጥሚያው 119 መታ፣ እንግሊዝም አሸዝን ወሰደች። መራጮቹን መውቀስ አይቻልም፤ ራምፕራካሽ ቢገባስ ብሎ ማሰብ ግን ማንም አልከለከለም።

ጁላይ 2012፣ በ42 ዓመቱ፣ በቃኝ አለ፤ 461 የአንደኛ ደረጃ ግጥሚያ፣ 35,659 ራን፣ 114 መቶዎች፣ አማካይ 53.14። ከእሱ በኋላ ሌሎች ክሪኬተኞች ወደ ዳንሱ ወለል ወጥተዋል፤ ፊል ተፍነል በ2009፣ የ2005ቱ አሸዝ አሸናፊ ካፒቴን ማይክል ቮን በ2012፣ ግሬም ስዋን በ2018። ዋንጫ ያነሳ የለም።

በ2013 የአገሪቱን የኤምቢኢ ኒሻን ተሸለመ። በኖቬምበር 2014 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የመምታት አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው፤ ሲያወጣውና ሲመልሰው የኖረው ያው ቡድን። በእሱ ጊዜ ኪተን ጄኒንግስ ሙምባይ ላይ በ2016፣ ቤን ፎክስ ደግሞ ጋል፣ ስሪላንካ ላይ በ2018፣ ሁለቱም በመጀመሪያ ግጥሚያቸው መቶ መቱ። አሰልጣኛቸው ላይ ሰባት ዓመት ሊፈጅ የተቃረበውን ነገር በመጀመሪያው ጨዋታቸው አገኙት። የራምፕራካሽ ውል በ2019 ሲያበቃ የቡድኑን መቺዎች ማሰልጠን ከተረከቡት አንዱ በብሪጅታውን አብሮት 205 ራን የጨመረው ግራሃም ቶርፕ ነበር።